የሶቅራጥስ ክስና መከላከያ
ሶቅራጥስ (470 ገደማ - 399 ዓክልበ.) በአቴና የኖረ የጥንታዊ ግሪክ ፈላስፋ ነበር። አባቱ ሶፍሮኒስቆስ ድንጋይ ጠራቢ፣ እናቱ ፋይናሬቴ አዋላጅ ነበሩ። እርሱ ራሱ አንድም መጽሐፍ ስላልጻፈ፣ በችሎት የተናገረው በተለይ ፕላቶና ክሴኖፎን ከጻፉት ይታወቃል። ፕላቶ በችሎቱ ተገኝቷል፤ ክሴኖፎን ግን ያን ጊዜ በእስያ ዘምቶ ነበር።

በ399 ዓክልበ. ሜሊቶስ፣ አኒቶስና ሊኮን ከሰሱት። ክሱ የከተማይቱን አማልክት አይቀበልም፣ አዲስ መለኮታዊ ነገር ያስገባል፣ ወጣቶችንም ያበላሻል የሚል ነበር። ከበስተጀርባው ፖለቲካ ሳይኖርበት አይቀርም። አቴና በ404 ዓክልበ. በስፓርታ ተሸንፋ በሠላሳ አምባገነኖች ስትገዛ፣ ከዋናዎቹ አንዱ ክሪቲያስ ቀድሞ የሶቅራጥስ ባልንጀራ ነበር። በኋላ የወጣው የምሕረት አዋጅ በዚያ ዘመን ጥፋት መካሰስን ስለከለከለ፣ ይህ በክሱ አልተጻፈም። ሶቅራጥስ ግን ሠላሳዎቹ የሳላሚሱን ሌዎን ለሞት ይዞ እንዲያመጣ ሲያዙት እምቢ ብሎ ወደ ቤቱ መሄዱን ለዳኞቹ አስታወሰ።

ዳኞቹ በዕጣ የወጡ 500 ያህል ዜጎች ነበሩ። ጓደኛው ኬሬፎን በዴልፊ መቅደስ ከሶቅራጥስ የሚበልጥ ጠቢብ አለ ወይ ብሎ ጠይቆ፣ የለም የሚል መልስ እንዳገኘ ነገራቸው። ይህን ለመፈተን ፖለቲከኞችን፣ ባለቅኔዎችንና የእጅ ባለሙያዎችን ሲጠይቅ፣ የማያውቁትን እናውቃለን እንደሚሉ አየ፤ ጠላት ያፈራውም በዚሁ ነው። ሜሊቶስንም እዚያው መርምሮ፣ በአንድ በኩል ምንም አምላክ አያምንም፣ በሌላ በኩል አዲስ መለኮት ያመጣል በማለቱ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር አናገረው። ሆኖም ይህ ክርክር ከሳሹን አሳፈረ እንጂ፣ የከተማይቱን አማልክት ያከብራል ወይ ለሚለው ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ አልሰጠም። ሦስት ልጆች ነበሩት፤ እንደ ሌሎች ተከሳሾች ግን ልጆቹን አቅርቦ ማስለቀስን አልፈለገም።

ጥፋተኛ የተባለው በጠባብ ልዩነት ነው፤ በፕላቶ አገላለጽ 30 ድምፅ ቢዞር ኖሮ ነፃ ይወጣ ነበር። በሕጉ መሠረት ከሳሽና ተከሳሽ እያንዳንዳቸው ቅጣት ያቀርባሉ፤ ፍርድ ቤቱም ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። ሜሊቶስ ሞት ጠየቀ። ሶቅራጥስ ስደትን ቢያቀርብ ምናልባት ይቀበሉት ነበር፤ እርሱ ግን እንደ ኦሊምፒያ አሸናፊዎች በመንግሥት ወጪ መመገብ ይገባኛል አለ። ቀጥሎ አንድ ምናን (100 ድራክማ) ልክፈል አለ፤ ወዳጆቹ ፕላቶ፣ ክሪቶን፣ ክሪቶቡሎስና አፖሎዶሮስ ዋስ ስለሆኑት ወደ 30 ምናን ከፍ አደረገው። ዳኞቹ ሞትን መረጡ።

ወደ ዴሎስ ደሴት የተላከችው የበዓል መርከብ እስክትመለስ ሰው መግደል ክልክል ስለነበር፣ አንድ ወር ያህል ታሰረ። ክሪቶን ከእስር ቤት ሊያስመልጠው ቢዘጋጅም አልተቀበለም። መርከቧ ተመልሳ ሄምሎክ የተባለውን የተክል መርዝ ሲጠጣ ዕድሜው 70 ዓመት ገደማ ነበር።