አንደበት ሳይታሰር

አባትዎ አንገር ጉቲን በሚገኘው ቤታቸው አልጋ ይዘው ወራት አስቆጥረዋል እንበል። በመጀመሪያው ስትሮክ ቀኝ እጃቸው ዛለ፤ በሁለተኛው ንግግራቸው ተንተባተበ። ነቀምቴ ወስደው ሲያሳክሟቸው ሐኪሙ እርስዎን ወደ ጎን ጠርቶ ከእንግዲህ ብዙ ለውጥ እንደማይጠበቅ ነገረዎት። ከነቀምቴ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ወደ ቤት ስትመለሱ አባትዎ ሐኪሙ ምን እንዳለ ይጠይቁዎታል። ምን ይመልሱላቸዋል?

ብዙዎቻችን በቅርቡ እንደሚሻላቸው ተናግሯል ብለን እናልፈዋለን። ይህን የምናደርገው ከፍቅር ነው፤ ለታማሚ መርዶ አይነገርም ብለን ስለምናምን ነው። ይሁንና የዚህ ዝምታ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ከአገራችን ታሪክ አንድ ሰው ያሳየናል። እኚህ ሰው ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ናቸው። ስለ ጦርነታቸውና ስለ አስተዳደራቸው ብዙ ተጽፏል፤ ዛሬ የምናወሳው ግን የመጨረሻዎቹን የሕመም ዓመታቸውን ነው።

ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ነው። ስልሳ ዓመት ሲያልፋቸው ጤናቸው ይታወክ ጀመር። በ1898 ዓ.ም. ተተኪያቸው ይሆናሉ ተብለው የሚጠበቁት የአክስታቸው ልጅ ራስ መኮንን አረፉ። በዚያው ዘመን ገደማ ንጉሠ ነገሥቱን ራሳቸውን ስትሮክ መታቸው። ስትሮክ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲቋረጥ ወይም በአንጎል ውስጥ ደም ሲፈስ የሚከሰት ሕመም ነው። ዛሬ ዋነኛ መንስኤው የደም ግፊት መሆኑ ይታወቃል፤ በዚያን ጊዜ ግን ለግፊት የሚሰጥ ውጤታማ መድኃኒት በዓለም ላይም አልነበረም። የመጀመሪያው ስትሮክ ብዙ ጊዜ ፋታ ይሰጣል፤ ሁለተኛው የቀረውን ይወስዳል። የምኒልክም ሕመም በዚሁ መንገድ ሄደ።

ንጉሠ ነገሥቱ መዳንን ከሁሉም አቅጣጫ ፈልገዋል። ከጓድሉፕ ደሴት የመጡት ዶክተር ጆሴፍ ቪታልየን ሐኪማቸው ነበሩ፤ ጠበል ፍለጋም እስከ ደብረ ሊባኖስ ተጉዘዋል። ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ግን በዚያች ፋታ የሠሩት ሥራ ነው። ሥልጣናቸው በእሳቸው ትከሻ ላይ ብቻ እንዳይቀር በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የሚኒስትሮች ካቢኔ አቋቋሙ። በግንቦት 1901 ዓ.ም. ደግሞ የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆናቸውን በአዋጅ አሳወቁ። ኢያሱ ያን ጊዜ ገና ልጅ ስለነበሩ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሞግዚት ተደረጉላቸው።

ልብ ይበሉ፤ ይህ ሁሉ የሆነው ንጉሠ ነገሥቱ መናገር በሚችሉበት ጊዜ ነበር። ከአዋጁ በኋላ አምስት ወር ያህል እንደቆየ፣ በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ከባዱ ስትሮክ መጣ። ሰውነታቸው ሽባ ሆነ፤ አንደበታቸውም ታሰረ። በዙሪያቸው ያሉት ብዙም ሳይቆዩ እንደሚያርፉ ሊገምቱ ይችሉ ነበር። ምኒልክ ግን ከዚያ በኋላ ከአራት ዓመት በላይ በአልጋ ላይ ኖሩ።

በእነዚያ ዓመታት የታቀደው ሁሉ አልሰመረም። ባለቤታቸው እቴጌ ጣይቱ በሕመማቸው ወቅት የመንግሥቱን ሥራ ይዘው ነበር፤ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ከሥልጣን አገለሏቸው። ሞግዚቱ ራስ ተሰማ በ1903 ዓ.ም. በድንገት አረፉ። ሞግዚቱ ከሌሉ ምን ይደረግ ብሎ ንጉሠ ነገሥቱን መጠየቅ ከእንግዲህ አይቻልም ነበር። ምኒልክ በ69 ዓመታቸው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ አልተነገረም፤ በድብቅ ተቀበሩ። ነቀምቴ የሚገኘው የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት በዚያ ዘመን የአካባቢው መቀመጫ ነበር። ከአዲስ አበባ ርቀው ለሚኖሩ እንደ ነቀምቴ ላሉ ከተሞች እውነትን ከወሬ መለየት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደነበር መገመት አያዳግትም። ልጅ ኢያሱም ዘውድ ሳይጭኑ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ።

ከዚህ ሕይወት ለቤትዎ የሚሆኑ ሁለት ነገሮች ይውሰዱ። የመጀመሪያው፣ የመነጋገሪያው ጊዜ ከመጀመሪያው ስትሮክ በኋላ እንጂ ከመጨረሻው በኋላ አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ማንም የቀረውን ዕድሜ በቀን ቆጥሮ መናገር አለመቻሉ ነው። የዘመናችን ሐኪሞችም ሲገምቱ ይሳሳታሉ፤ ብዙ ጊዜም የሚሳሳቱት ከእውነተኛው አስረዝመው በመገመት ነው። ስለዚህ ሐኪሙን መቼ ይሞታሉ ብለው አይጠይቁ። የምንነጋገረው ስለ ቀናት ነው፣ ስለ ሳምንታት፣ ስለ ወራት ወይስ ስለ ዓመታት ብለው ይጠይቁ። ይህን ጥያቄ አብዛኛው ሐኪም ሊመልስልዎ ይችላል።

እርስዎም በቤት ውስጥ የሚያስተውሏቸው ምልክቶች አሉ። አረጋዊው የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ተኝተው የሚያሳልፉ ከሆነ፣ ክብደታቸው ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ ምግብና ውኃ ሲውጡ ትን የሚላቸው ከሆነ፣ የሳንባ ምች ወይም የመኝታ ቁስል ከተደጋገመባቸው፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ደጋግመው ሆስፒታል ከገቡ የሕመሙ አቅጣጫ እየታየ ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሊታከሙ ስለሚችሉ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። ከዚያ በኋላም ቁልቁል መሄዱ ከቀጠለ ውይይቱን ለነገ አያሳድሩት።

እንዴት ይነገር? በመጀመሪያ አረጋዊው ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉ ይጠይቋቸው። አንዳንዱ ሁሉን ልወቅ ይላል፤ ሌላው ለታላቅ ልጄ ንገሩ ይላል። ሁለቱም መከበር ያለበት ምርጫ ነው። ሳይጠየቁ መደበቅ ግን ምርጫቸውን መንጠቅ ነው። ቤት በሚነጋገሩበት ቋንቋ፣ በአማርኛም ይሁን በአፋን ኦሮሞ፣ ቁጭ ብለውና እጃቸውን ይዘው በእርጋታ ያናግሯቸው። እንደ እምነታቸው የነፍስ አባት፣ ሼህ ወይም ፓስተር ቢገኙ ይበረታታሉ። እየተደከመ መሆኑን በግልጽ ይንገሯቸው፤ ብቻቸውን እንደማይተዉ ግን አብረው ያረጋግጡላቸው።

ከዚያ ይጠይቋቸው። ሕመሙ ሲጠና እንደገና ሆስፒታል መሄድ ይፈልጋሉ ወይስ ቤታቸው መቆየት? መናገር ቢያቅታቸው በእሳቸው ፈንታ ማን ይወስን? ማንን ማየት፣ ከማን ጋር መታረቅ ይሻሉ? የት መቀበር ይፈልጋሉ? አንገር ጉቲን ከሩቅ አካባቢ መጥተው የሰፈሩ ብዙ ቤተሰቦች ያሉበት ቦታ ስለሆነ፣ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል እንዳልሆነ የአካባቢው ነዋሪዎች ያውቁታል። ስለ ቤትና መሬት ያላቸው ሐሳብ ደግሞ በቃል ብቻ አይቅር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ተጽፎ፣ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ ይፈረማል። አንደበት ከታሰረ በኋላ ይህን ማድረግ እጅግ ይከብዳል።

መዳን አይቻልም ማለት ሕክምና አበቃ ማለት እንዳልሆነም ይወቁ። ሕመምን፣ የትንፋሽ ማጠርንና ጭንቀትን የሚያቀል የማስታገሻ ሕክምና አለ፤ ጽኑ ሕመም ላለባቸው በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል። ይህን አገልግሎት ከሆስፒታሉ ይጠይቁ። በአረጋውያን መርጃ ማዕከላት የምትሠሩ ወገኖችም ይህን ውይይት አረጋዊው ከገቡበት ጊዜ ጀምሮ ብትጀምሩትና መልሱን በማኅደራቸው ላይ ብትጽፉት፣ ቤተሰብ በሌለበት ሌሊት ለሚወስነው ባለሙያ መመሪያ ይሆነዋል።

አበው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። ታማሚው በሽታውን ለሐኪም እንዳይደብቅ የምንመክረውን ያህል፣ እኛም የበሽታውን መንገድ ከታማሚው መደበቅ የለብንም። አፄ ምኒልክ ካቢኔ፣ ወራሽና ሞግዚት መሰየም የቻሉት ሕመማቸው ወዴት እንደሚሄድ አውቀው በጊዜ ስለተናገሩ ነው፤ ሳይነገር የቀረውን ግን አራት ዓመት አልጋቸው አጠገብ የቆሙ ሰዎች ሊጠይቋቸው አልቻሉም። እንግዲህ ዛሬ ማታ አባትዎ አጠገብ ሲቀመጡ ሐኪሙ ምን እንዳለ ደግመው ቢጠይቁዎት፣ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉ መልሰው በመጠየቅ ይጀምሩ።