ፒዮትር ሌቤዴቭና የብርሃን ግፊት

ከብርሃን ሞገድ ርዝመት በቀጠነ የመስታወት ክር ውስጥ ብርሃን ሲላክ፣ ከፊሉ ከክሩ ገጽ ውጭ ተጠግቶ ይጓዛል። በአካባቢው ውሃ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ቅንጣቶችም ወደ ክሩ ስቦ በሚጓዝበት አቅጣጫ ይገፋቸዋል። ይህ ዘዴ የሚሠራው ብርሃን ግፊት ስላለው ነው፤ ይህንንም በመጀመሪያ በሙከራ ለክቶ ያረጋገጠው ሩሲያዊው ፒዮትር ኒኮላዬቪች ሌቤዴቭ ነበር።

ሌቤዴቭ እ.ኤ.አ. በ1866 በሞስኮ ከነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። የምህንድስና ትምህርቱን ሳይጨርስ ትቶ ወደ ስትራስቡርግ በመሄድ ከአውጉስት ኩንት ዘንድ ፊዚክስ ተማረ፤ በ1891 የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበለ። ሙያችን አንድ ሰው አጣ ቢባልም፣ የመሣሪያ ሥራ ጥበብ ግን እስከ መጨረሻው አልተለየውም።

በወጣትነቱ የጅራታም ኮከብን ጭራ ሲመረምር አንድ ቁም ነገር አስተዋለ። የአንድ አካል መጠን ሲያንስ ክብደቱ ከገጹ ስፋት ይልቅ ፈጥኖ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ቅንጣቱ እጅግ ሲደቅ የፀሐይ ብርሃን ግፊት ከስበቷ ጋር ሊፎካከር ይችላል።

የግፊቱን መጠን ማክስዌል በ1873 በስሌት አስቀምጦት ነበር። ሆኖም የፀሐይ ብርሃን በአንድ ካሬ ሜትር ጥቁር ገጽ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ከግማሽ ሚሊግራም ክብደት አይበልጥም። ከኃይሉ ማነስ ይልቅ የከፋው ችግር ግን ሙቀት ነበር፤ በመሣሪያው ውስጥ የቀረው ጥቂት አየር በጋለው ገጽ በኩል ሲሞቅ፣ ከብርሃኑ የበለጠ ይገፋል። ሌቤዴቭ ስስ የፕላቲኒየም ክንፎችን በቀጭን ክር አንጠልጥሎ፣ ሁለቱ ገጾች እኩል እንዲሞቁ አደረገ። አየሩን በባዜቃ ተን ጠርጎ አስወጣ፤ ተኑንም በማቀዝቀዝ መልሶ አጠለለ። ብርሃኑን በተራ ከግራና ከቀኝ እየላከ ለካ። የሚያብረቀርቀው ክንፍ ከጠቆረው ይልቅ ሁለት እጥፍ ያህል ተገፋ፤ ይህም ስሌቱ ያለው ነበር። ውጤቱን በ1900 በፓሪስ የፊዚክስ ጉባኤ አቀረበ። ከዚያ ይበልጥ አስቸጋሪ የነበረውን፣ በጋዝ ላይ የሚያርፈውን ግፊት ለመለካት ደግሞ ዓመታት ፈጀበት።

በ1911 መንግሥት በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ነፃነት ላይ ጣልቃ በመግባቱ ብዙ መምህራን ሥራቸውን ለቀቁ፤ ሌቤዴቭም ከእነርሱ አንዱ ነበር። የልብ ሕመምተኛ ነበር፤ ሲለቅም ቤተ ሙከራውን አጣ። ከስቶክሆልም የመጣለትን የሥራ ጥሪ ሳይቀበል፣ በሞስኮ አንድ ምድር ቤት ውስጥ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ምርምሩን ቀጠለ። ዓመት ያህል እንደቆየ፣ በመጋቢት 1912 በ46 ዓመቱ ዐረፈ።