ወደ ልብ የሚወስደውን መንገድ በራሳቸው ደም ሥር የጠረጉት ሐኪም

ዛሬ የልብ ሐኪሞች የታማሚውን ደረት ሳይከፍቱ በክንድ ወይም በብሽሽት ደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብተው ልብ ድረስ ይደርሳሉ፤ የተዘጋውንም የደም ሥር ይከፍታሉ። ካቴተር የሚባለውን ይህን ቱቦ በሕያው ሰው ልብ ውስጥ አስገብተው በራጅ ያረጋገጡት ጀርመናዊው ዶክተር ቨርነር ፎርስማን ናቸው። ሙከራውን ያደረጉትም በራሳቸው አካል ላይ ነበር።

ፎርስማን በ1904 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በበርሊን ከተማ ተወለዱ። አባታቸውን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ያጡ ሲሆን፣ በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1929 በኤበርስቫልደ ከተማ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ።

ለሙከራው መነሻ የሆናቸው አንድ የፈረስ ሥዕል ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በፈረስ አንገት ደም ሥር ቱቦ አስገብተው የልብን ግፊት ለክተዋል። በፈረስ ላይ የተቻለው በሰው ላይስ ለምን አይቻልም የሚለው ሐሳብ ወጣቱን ሐኪም ዕረፍት ነሳቸው። በዚያ ዘመን በአጣዳፊ ጊዜ መድኃኒት ለልብ የሚሰጠው ደረትን በመርፌ በመውጋት ስለነበር፣ ከዚህ ያነሰ አደጋ ያለው መንገድ ይፈልጉ ነበር።

አለቃቸው ግን ሙከራውን ከለከሉ። ፎርስማን የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎቹ በእጃቸው የነበሩትን ነርስ ጌርዳ ዲትሰንን አሳመኑ። ነርሷም ሙከራው በእርሳቸው ላይ እንዲደረግ ፈቀዱ። ሐኪሙ ነርሷን ከጠረጴዛው ጋር ካሰሩ በኋላ የራሳቸውን ክንድ አደንዝዘው፣ ለሽንት መውረጃ የተሠራውን ካቴተር በደም ሥራቸው 65 ሴንቲ ሜትር ያህል አስገቡ። ከዚያም ቱቦው በውስጣቸው እንዳለ ደረጃ ወርደው ወደ ራጅ ክፍል አመሩ። ምስሉም የቱቦው ጫፍ በቀኝ የልብ ክፍል ውስጥ መሆኑን አሳየ።

ውጤቱ በዚያው ዓመት ቢታተምም ሙገሳ አላስገኘላቸውም። በበርሊን ታዋቂው የሻሪቴ ሆስፒታል ያገኙትን ሥራ ለመልቀቅ ተገደዱ፤ በኋላም ወደ ሽንት ቧንቧ ሕክምና ዞሩ። በ1932 የናዚ ፓርቲ አባል መሆናቸው በሕይወት ታሪካቸው ላይ የማይፋቅ ጥላ ጥሏል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሠራዊት ሐኪም ሆነው አገልግለው በአሜሪካ ጦር ተማረኩ። ከምርኮ ሲመለሱ እንጨት ቆራጭ፣ ቀጥሎም ሐኪም ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር በጥቁር ደን አካባቢ የገጠር ሐኪም ሆነው ኖሩ።

እርሳቸው በገጠር ሲደክሙ፣ በኒው ዮርክ አንድሬ ኩርናን እና ዲክንሰን ሪቻርድስ ዘዴውን አዳብረው የልብ በሽታን መመርመሪያ አደረጉት። በ1956 ሦስቱ የኖቤል ሽልማትን በጋራ ተቀበሉ። በ1977 ደግሞ ዶክተር አንድሪያስ ግሩንትሲግ በዙሪክ፣ ጫፉ ላይ ፊኛ ባለው ካቴተር የጠበበ የልብ ደም ሥርን ሳይቀዱ አሰፉ።

መንገዱ ቢከፈትም አንድ ትልቅ እንቅፋት አልተነሣም። የልብ ደም ሥር ድንገት ሲዘጋ ደም ያልደረሰው ጡንቻ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ቆዳና ጉበት ራሳቸውን ሲተኩ፣ የአዋቂ ሰው የልብ ጡንቻ ሕዋሳት ግን በዓመት ከመቶ አንድ እጅ ያህል ወይም ከዚያ በታች ብቻ ይታደሳሉ። ስለዚህ በሞተው ጡንቻ ቦታ የሚተካው ጠባሳ ነው፤ ጠባሳ ደግሞ ደም አይገፋም። ከ2000 ወዲህ ተመራማሪዎች ከአጥንት መቅኒ የተወሰዱ ሕዋሳትን በካቴተር ወደ ተጎዳው ልብ በማድረስ ጡንቻውን ለማደስ ሞክረዋል። ይሁን እንጂ ሙከራው እስካሁን የዘወትር ሕክምና ለመሆን አልበቃም።

ዶክተር ፎርስማን በ1979 በ74 ዓመታቸው በልብ ሕመም ዐረፉ። የጠረጉት መንገድ ዛሬም መድኃኒትንም ተስፋን ወደ ልብ ያደርሳል።