ከጦር አውሮፕላን እስከ እህል ጆንያ፤ የኮንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ሕይወት

በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣሊያን አውሮፕላኖች በኢትዮጵያ ምድር ላይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ ሲያዘንቡ፣ በዚያው ሰማይ ቁስለኛና መድኃኒት ይዞ የሚመላለስ አንድ ወጣት ስዊድናዊ አብራሪ ነበር። ኮንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ይባላል። በኋላ የኢትዮጵያን አየር ኃይል መሠረት ካስያዙት ሰዎች ግንባር ቀደሙ የሆኑት እርሳቸው ናቸው።

ፎን ሮዘን ነሐሴ 13 ቀን 1901 ዓ.ም. በስዊድን ከባላባት ቤተሰብ ተወለዱ። ገና በወጣትነታቸው ለበረራ ልባቸውን ሰጡ፤ በየትርኢቱም አውሮፕላን እየገለባበጡ ሕዝብ ያስደንቁ ነበር። አክስታቸው የናዚ ጀርመን አየር ኃይል አዛዥ የሆነው የሄርማን ጎሪንግ ሚስት ነበረች። የሥጋ ዝምድናው ወደዚያ ወገን ቢስባቸውም፣ እርሳቸው የመረጡት የተወረረውን ሕዝብ ነው።

ኢትዮጵያ የመጡት ከስዊድን ቀይ መስቀል ጋር ነው። ከደሴ እስከ ኮረም በረሩ። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት አውሮፕላናቸው ኮረም ሜዳ ላይ ቆሞ ሳለ በጣሊያን አውሮፕላኖች ተደብድቦ ወደመ። ወደ አውሮፓ ከተመለሱ በኋላ ለሆላንድ አየር መንገድ የመንገደኛ አውሮፕላን አበረሩ፤ በ1932 ዓ.ም. ደግሞ ፊንላንድ በሶቪየት ኅብረት ስትወረር ለፊንላንድ ቆመው ቦምብ ጣይ አውሮፕላን አበረሩ።

ከድል በኋላ ኢትዮጵያ አየር ኃይሏን እንደገና ለማቋቋም ስትነሣ ፊቷን ወደ ስዊድን አዞረች። ፎን ሮዘንም ቢሾፍቱ ላይ ሥራውን በኃላፊነት ያዙ። ግንቦት 1 ቀን 1939 ዓ.ም. ሳፊር የተባለችውን ባለአንድ ሞተር የማሠልጠኛ አውሮፕላን ከስቶክሆልም አስነሥተው፣ የትም ሳያርፉ 6,220 ኪሎ ሜትር አቋርጠው፣ በ31 ሰዓት ያህል ጊዜ አዲስ አበባ ገቡ። በወቅቱ ይህ በዓለም የተመዘገበ ክብረ ወሰን ነበር። እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ በቆዩበት ዘመን ኢትዮጵያውያን ወጣቶች በእርሳቸውና በባልደረቦቻቸው እጅ አብራሪና የአውሮፕላን ጠጋኝ ሆነው ወጡ።

ሕይወታቸው ግን ነቀፋ አልተለየውም። በናይጄርያ የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት በመጀመሪያ በረሃብ ለተከበበው የቢያፍራ ሕዝብ እርዳታ አደረሱ። በግንቦት 1961 ዓ.ም. ደግሞ ትንንሽ አውሮፕላኖችን ሮኬት አስታጥቀው የናይጄርያን የጦር አየር ማረፊያዎች ደበደቡ። ለአንዳንዶች ጀግና፣ ለሌሎች ደግሞ በሰው አገር ጦርነት የገቡ ባዕድ ሆኑ።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ምዕራፍ ለገበሬው ይበልጥ ይቀርባል። በ1966ቱ የድርቅ ዘመን፣ ስልሳ ዓመት አልፏቸው ሳለ፣ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። የዚያን ጊዜው ችግር የእህል እጥረት ብቻ አልነበረም፤ ከወደብና ከመጋዘን ያለው እህል መንገድ ወደሌለበት መንደር አለመድረሱም ጭምር ነበር። የጭነት መኪና መንገድ ይሻል፤ ትልቅ አውሮፕላንም ማረፊያ ሜዳ ይፈልጋል። ፎን ሮዘን ያመጡት መላ ቀላል ነበር። በቢያፍራ ሮኬት የተሸከሙትን በሚመስሉ ትንንሽ አውሮፕላኖች ክንፍ ሥር የምግብ ከረጢት አንጠልጥለው፣ መሬት ሊነኩ እስኪቃረቡ ዝቅ ብለው በመብረር፣ ሳያርፉ ለተራበው ሕዝብ ይጥሉ ነበር። ለጦርነት የተማሩት የዝቅታ በረራ እንጀራ ማድረሻ ሆነ።

ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ጎዴ ለእርዳታ ሥራ ተሰማርተው ሳሉ፣ ከሶማሊያ በኩል በተሰነዘረ ጥቃት መሬት ላይ ተገደሉ። አስከሬናቸውም በአዲስ አበባ ዐረፈ።

ከሞታቸው ስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1977ቱ ታላቅ ረሃብ፣ የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን ወታደራዊ አውሮፕላኖች መኪና በማይደርስባቸው ደጋማ አካባቢዎች የእህል ጆንያ ከአየር ጣሉ። የጆንያውን መውደቅ በዐይናቸው ያዩ ገበሬዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። የፎን ሮዘን ታሪክም የሚያስታውሰን ይህንኑ ነው፤ እህል በጎተራ መኖሩ ብቻውን ከረሃብ አያድንም፤ ወደ ተራበው ሰው ደጅ የሚያደርሰው መንገድና ሰው ያስፈልገዋል።