ኢማም አል-ገዛሊ፦ በሚታየውና በማይታየው መካከል

 

ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ፣ በመጀመሪያው ዓመት ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ የሚባለውን ኮርስ ስትማሩ አንድ ጥያቄ ያጋጥማችኋል፦ በእውነት ያለው ነገር ምንድን ነው? ቁሳዊነት (ማቴሪያሊዝም) ያለው ቁስ ብቻ ነው፣ ሐሳብና ነፍስ የምንለውም ከአንጎል ሥራ አያልፍም ይላል። ሐሳባዊነት (አይዲያሊዝም) ደግሞ መሠረቱ አእምሮ ነው፣ የምናየው ቁስ የእሱ ነጸብራቅ ነው ይላል። በደርግ ዘመን በየውይይት ክበቡ የመጀመሪያው እንደ ሳይንስ ይሰጥ ነበር። ዛሬም ይህን ክርክር ሰምቶ ልቡ የተናወጠ፣ ከሃዲ እንዳይሉት ፈርቶ ጥያቄውን የዋጠ ወጣት አለ። የዛሬው ታሪክ በተለይ ለእሱ ነው።

ኢማም አቡ ሓሚድ አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) በ450 ዓመተ ሂጅራ (በፈረንጅ 1058) ኹራሳን ውስጥ፣ ጡስ በምትባል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሱፍ እየፈተለ የሚያድር ድሃ እንደነበር ይነገራል። ሳይማር የቀረው ይህ አባት ሊሞት ሲል ሁለቱን ልጆቹን እንዲያስተምርለት ለአንድ ደግ ወዳጁ አደራ ሰጠ። የቀረላቸው ገንዘብ ሲያልቅ ወንድማማቾቹ ምግብና ማደሪያ ወዳለበት መድረሳ ገቡ። አቡ ሓሚድ ከዚያ ነይሳቡር ሄደው በታላቁ ኢማም አል-ጁወይኒ እግር ሥር ተቀመጡ። በ33 ዓመታቸው፣ በ1091፣ የባግዳዱ ኒዛሚያ መድረሳ ዋና መምህር ሆኑ፤ ከ300 በላይ ተማሪዎችም ይሰሟቸው ነበር።

እኚህ ሰው ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ጥያቄ የማይለቃቸው ነበሩ። የክርስቲያን ልጅ ክርስቲያን፣ የአይሁድ ልጅ አይሁድ፣ የሙስሊም ልጅ ሙስሊም ሆኖ ሲያድግ አዩና ከወላጅ ከተወረሰው ሌላ እርግጠኛ ዕውቀት ፈለጉ። መጀመሪያ ስሜት ሕዋሳትን መረመሩ። ጥላ የቆመ ይመስላል፤ ቆይታችሁ ስታዩት ግን ሄዷል። ኮከብ የዲናር ሳንቲም ያህላል፤ ሒሳቡ ግን ከምድር እንደሚበልጥ ያሳያል። ዓይን ከዋሸ እንግዲህ ዐቅል ይታመን አሉ። ግን ዓይንን ዐቅል ካስተባበለው፣ ዐቅልን የሚያስተባብል ሌላ ዳኛ ከበላዩ እንደሌለ በምን ይታወቃል? በሕልም ያለ ሰውም እስኪነቃ ድረስ የሚያየው ሁሉ እውነት ይመስለዋል። ይህ ሕመም ሁለት ወር ያህል ያዛቸው። የዳኑትም በክርክር እንዳልነበረ፣ አላህ በልባቸው በጣለው ብርሃን እንደነበር ጽፈዋል።

ከዚያ በኋላ ፈላስፎችን ከማስተማር በተረፋቸው ሰዓት ለብቻቸው አጠኑ። ሳይገባቸው ሊነቅፉ አልፈለጉም። የፈላስፎቹን ሐሳብ ያብራሩበት መጽሐፍ እጅግ ከመጥራቱ የተነሳ፣ በላቲን ያነበቡት አውሮፓውያን እሳቸውኑ ከፈላስፎቹ ወገን ቆጥረዋቸዋል።

ፈላስፎቹን በሦስት ከፈሏቸው። ደህሪዮች ፈጣሪ የለም፣ ዓለም በራሷ ለዘላለም ነበረች ይላሉ። የተፈጥሮ ተመራማሪዎቹ የአካልን ድንቅ አሠራር አይተው ፈጣሪን ተቀበሉ፤ ነፍስ ግን ከሥጋ ጋር ትጠፋለች አሉ። እነ ኢብኑ ሲና የሚከተሉት ሦስተኛው ወገን ነፍስ አትሞትም ይላል፤ የሥጋን መነሳት ግን አይቀበልም። ቁሳዊነትና ሐሳባዊነት የሚሉት ስሞች በኋላ የመጡ ናቸው፤ ጥያቄው ግን ያኔም ነበር።

ኢማሙ ተሃፉት አል-ፈላሲፋ በሚለው መጽሐፋቸው 20 ጉዳዮችን አንስተው ተከራከሩ። ነፍስ የለችም የሚለውን እንደማይቀበሉ ሁሉ፣ ሥጋ አይነሳም የሚለውንም አልተቀበሉም። የሰው ልጅ ሩሕም ጀሰድም ነው፤ የቂያማ ቀን በሁለቱም ይቆማል።

ስለ እሳትና ጥጥ ያነሱትን አዲስ ቅዳም ላይ በከሰል እንረዳው። ዲከረንስ የሚያከስለው ገበሬ እንጨቱን በአፈር አፍኖ መቼ እንደሚከፍተው ያውቃል። ይህን ልማድ ኢማሙ አልካዱም። ዓይናችን የሚያየው እሳት ሲነካው እንጨቱ መቃጠሉን ነው፤ እሳቱ በራሱ ሥልጣን ማቃጠሉን ግን አላየንም ይላሉ። ልማዱን ያጸናው አላህ ነው። ስለዚህ ሙእሚን ምክንያቶችን ያጠናል፣ ይሠራባቸዋል፤ አያመልካቸውም። ሒሳብንና የግርዶሽን ስሌት በሃይማኖት ስም የሚያስተባብልም ሃይማኖቱን የሚጎዳ አላዋቂ ወዳጅ ነው ብለው አስጠንቅቀዋል።

ክርክሩን ካሸነፉ በኋላ ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ። የሚያስተምሩት ለአላህ ነው ወይስ ለዝና? በ1095 ምላሳቸው ተሳሰረ፣ ምግብ አልወርድ አላቸው፤ ሐኪሞቹም በሽታው የልብ ነው አሉ። ለቤተሰባቸው የሚበቃውን አስቀርተው ገንዘባቸውን ሰጡና ባግዳድን ለቀቁ። ደማስቆ፣ ቁድስ፣ ኸሊል፣ ከዚያም ሐጅ። ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲንን የጻፉት በእነዚህ ዓመታት ነው። በዚህ መጽሐፍ የመብላት፣ የመነገድና የመጓዝ አደብ ከኢኽላስና ከተወኩል ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ ሥጋም ነፍስም ድርሻቸውን አግኝተዋል።

በ1106 ነይሳቡር ተመልሰው ለጥቂት ጊዜ አስተማሩ። በ505 ሂጅሪ (1111) በተወለዱባት ጡስ ወደ አኺራ ሄዱ።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ጥያቄ ስለመጣብህ፣ ስለመጣብሽ፣ ኢማናችሁ ጠፋ ማለት አይደለም። ሑጀተል ኢስላም የተባሉት ሰው ሁለት ወር ታመውበታል። ጥያቄውን ደብቆ ከማደር ለሚያውቅ ሰው ማቅረብ ይሻላል። አንብቡ፣ ጠይቁ፣ ሱጁድ ላይም ለምኑ።

አላህ ሆይ፣ እውነቱን እውነት አድርገህ አሳየን፣ መከተሉንም አግራልን። አሚን። ሱረቱል ከህፍንና በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛትን አትርሱ።

ወላሁ አዕለም።