ላንግስተን ሂዩዝ፦ ግጥሙን ተሸክሞ የዞረ ገጣሚ

በግጥም ምሽት መድረክ ላይ ወጥቶ ያነበበ ተማሪ ሁሉ አንድ ጥያቄ አያጣውም። ግጥምህ ሲነበብ ደስ ይላል፣ ግን መጽሐፍ ይወጣዋል ወይ? ይባላል። ድምፅና መጽሐፍ የተጣሉ ይመስል! ለዚህ ጥያቄ የጥቁር አሜሪካዊው ገጣሚ የላንግስተን ሂዩዝ ሕይወት ጥሩ መልስ አለው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሂዩዝ በ1901 በሚዙሪ ግዛት፣ ጆፕሊን ከተማ ተወለደ። እናትና አባቱ ስለተለያዩ ልጅነቱን በአብዛኛው ያሳለፈው ካንሳስ፣ አያቱ ዘንድ ነው። አያቱ ባርነትን ስለታገሉ ሰዎች ይተርኩለት ነበር። ስምንተኛ ክፍል ሲጨርስ ጓደኞቹ የክፍሉ ገጣሚ አድርገው መረጡት። ልጁ ግን እስከዚያች ቀን አንድም ግጥም ጽፎ አያውቅም። በኋላ በግለ ታሪኩ እንደተረከው፣ የመረጡት ጥቁር ሁሉ ምት ያውቃል ብለው ስላሰቡ ነበር። የሆነው ሆኖ ጻፈ፤ በምረቃው ቀን ቆሞ አነበበ፤ ተጨበጨበለት። የመጀመሪያ ግጥሙ ለጆሮ የተጻፈ ነበር ማለት ነው።

ሜክሲኮ የሚኖረው አባቱ ግን ልጁ ኢንጂነር እንዲሆን ነበር የሚፈልገው። ሂዩዝ በ1921 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ አንድ ዓመት ተምሮ ጥሎ ወጣ። ከዚያ መርከብ ላይ ተቀጥሮ ምዕራብ አፍሪካንና አውሮፓን አየ።

በ1925 ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ ሆቴል የምግብ ዕቃ እያነሳ ይሠራ ነበር። ታዋቂው ገጣሚ ቬቸል ሊንድሴይ እዚያው ሲያርፍ፣ ሂዩዝ ግጥሞቹን ከሳህኑ አጠገብ አስቀምጦ ሹልክ አለ። ሊንድሴይ በዚያው ምሽት ለታዳሚዎቹ አነበባቸው፤ ጋዜጠኞችም ወጣቱን ሠራተኛ ፍለጋ መጡ። በዚያን ጊዜ የመጀመሪያ መድበሉን የሚያትምለት አግኝቶ ነበር፤ መጽሐፉም በ1926 ወጣ። ስሙ ግን በጋዜጣ የናኘው ሌላ ሰው ግጥሙን ጮክ ብሎ ስላነበበለት ነው።

መጽሐፍ መውጣቱ ብቻውን እንጀራ አልሆነውም። በ1927 ያወጣው ሁለተኛ መድበሉ የተራውን ጥቁር ሠራተኛ አነጋገርና የብሉዝ ዜማ ስለያዘ፣ አንዳንድ የጥቁር ጋዜጦች ሳይቀሩ አሰደበን ብለው ወረዱበት። እሱ ግን አነጋገሩን አልቀየረም። በ1929 ከሊንከን ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። በ1931 ደግሞ በአስተማሪዋ በሜሪ ማክሊዮድ ቤቱን ምክር ተነሳስቶ፣ በፎርድ መኪና ወደ ደቡብ ግዛቶች ጉዞ ጀመረ። የዘር መድልዎ በሕግ በጸናበት አገር ነጮች የሚያርፉበት ሆቴል አያስገባውም፤ ስለዚህ በየሰዉ ቤት እያደረ በጥቁሮች ኮሌጆች፣ ትምህርት ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት ያነብ ነበር። ንባቡ ሲያልቅ መጽሐፉን ይሸጣል። አሳታሚው ለዚሁ ጉዞ የአንድ ዶላር እትም አዘጋጅቶለት ነበር። ለዚያም አቅም ለሌለው ርካሽ ትንሽ መድበል ይዞ ነበር። መጽሐፍ መደብር ደርሶ የማያውቅ ሰው መጀመሪያ ሰማው፣ ከዚያ ገዛው።

ከድምፅ ጋር እስከ መጨረሻው አልተለያየም፤ በ1958 ግጥሞቹን ከጃዝ ሙዚቃ ጋር አንብቦ በሸክላ አስቀርጿል። እኛንም አልረሳንም። ጣሊያን በ1935 አገራችንን ስትወር ለኢትዮጵያ ግጥም ጽፏል፤ በ1966 ደግሞ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። በዓመቱ፣ በግንቦት 1967፣ ኒውዮርክ ውስጥ አረፈ።

እንግዲህ ግጥም የምታነቡ ጓደኞቼ፣ መድረኩን የመጽሐፍ ማቆያ አታድርጉት። ሂዩዝ አንባቢውን ያገኘው ቁጭ ብሎ በመጠበቅ አይደለም፤ ያለበት ድረስ ሄዶ ነው።