ቅዱስ ያሬድ፦ ከአክሱም ተነሥቶ በጋይንት የተጠበቀ ዜማ

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቃዊ ክፍል ተጎራብተው የሚገኙ አካባቢዎች ናቸው። በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የድጓ ምስክር ቤት በመሆኗ ከልዩ ልዩ አገር የሚመጡ የዜማ ተማሪዎች ተፈትነው የሚመሰከርላቸው በእርሷ ነው። የዚህ ሁሉ ትምህርት መነሻ ከ1 ሺህ 400 ዓመታት በፊት የኖረው አክሱማዊው ሊቅ ቅዱስ ያሬድ ነው።

ያሬድ ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. በአክሱም እንደተወለደ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ያስረዳል። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ እናቱ የአክሱም መምህር ለነበረው ለአጎቱ ለጌዴዎን ሰጠችው። ይሁን እንጂ ትምህርቱ አልገባው አለ። በግርፋትና በባልንጀሮቹ ስላቅ ተማርሮ ከአክሱም ኮበለለ። ማይ ኪራሕ በተባለ ስፍራ ከዛፍ ሥር አርፎ ሳለ አንዲት ትል ዛፉን ለመውጣት ስድስት ጊዜ ሞክራ ስትወድቅ፣ በሰባተኛው ግን ወጥታ ፍሬውን ስትበላ ተመለከተ። ወደ አጎቱም ተመልሶ ይቅርታ በመጠየቅ መጻሕፍቱን ጠንቅቆ ተማረ፤ ዲቁናም ተቀበለ። ይህ ታሪክ ለየተማሪው ስለሚነገር ብዙ ሰው ያሬድን የሚያውቀው በትሏ ነው። ትልቁ ሥራው ግን ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስት የዜማ ስልቶች ከገነት ከመጡ ሦስት አዕዋፍ እንደተማረ ትውፊት ይናገራል። ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት የእርሱ ድርሰቶች ሆነው ይቆጠራሉ። ከንጉሡ ከአፄ ገብረ መስቀልና ከአቡነ አረጋዊ ጋር በደቡብ ጎንደር ወደሚገኘው ዙር አባ መምጣቱም በትውፊት ይነገራል። ቦታው የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤት የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

አንድ ቀን ያሬድ ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የጦሩን ጫፍ በእግሩ ላይ ተከለበት፤ ሁለቱም መዝሙሩ እስኪያበቃ ድረስ አላወቁም ይባላል። ንጉሡ ደንግጦ የፈለገውን እንዲጠይቅ ቢፈቅድለት፣ ሹመትም ሆነ ሀብት ሳይሻ በምናኔ ለመኖር ስንብት ጠየቀ። ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዶ ደቀ መዛሙርቱን ሲያስተምር ኖሮ ግንቦት 11 ቀን 571 ዓ.ም. እንደተሰወረ ይታመናል።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት ብዙ መጻሕፍት ሲቃጠሉና ሊቃውንት ሲያልቁ ዜማውም ለጥፋት ተጋልጦ ነበር። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት አደራጅተው በጽሑፍ አጸኑት። ምልክቱ ከታወቀ የዜማ ሐረግ የተወሰዱ ጥቃቅን ፊደላት ከንባቡ በላይ የሚጻፉበት ነው። ሐረጉን አስቀድሞ በጆሮው ያልሰማ ሰው ፊደሉን ቢያይም ዜማውን አያገኘውም።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካና በአውሮፓ የተስፋፋው ራሱን በራሱ የሚጫወት ፒያኖ ይዞት የነበረው የተበሳ የወረቀት ጥቅል ከዚህ ይለያል። ቀዳዳዎቹ የትኛው ቁልፍ መቼ እንደሚመታ ስለሚያመለክቱ፣ ጥቅሉ በመሣሪያ ተነቦ ወደ ኮምፒውተር የሙዚቃ ፋይል ሲለወጥ ሙዚቃው ያለ መምህር ሊሰማ ይችላል። ድጓን ግን ፎቶግራፍ ማንሣት ብቻውን ዜማውን አያድነውም።

በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በርካታ ጽሑፎችን ከጥፋት ታድጓል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋትና ቅናት የሚገኙባቸው 10 የዜማ ምልክቶችም በ2005 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደል ሥርዓት በዩኒኮድ ገብተዋል። ድምፁን ከምልክቱ ጋር ያጣመረው ግን ኬይ ካውፍማን ሸለሜይና ፒተር ጄፍሪ ከ1993 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. በሦስት ቅጽ ያሳተሙት የዜማ ስብስብ ነው፤ ከመጽሐፉ ጋር የተቀዳ ዜማ የያዘ ሲዲ አብሮ ወጥቷል።